ስለ መስቀለኛ ጥልፍና ከልማድ ስለወጡ ንድፎቹ ስያሜ

የጥልፍ ሥራ መመሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ገና ከአርእስቱ ላይ ይቸገራል። ሁለት አጫጭር ሰያፍ ስፌቶች እየተሻገሩ የሚሠሩትን ጥልፍ እንደ ዘበት «የመስቀል ጥልፍ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው የሚረዳው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ በቀሚስ ደረት ላይ ወደ ታች የሚወርደውን የመስቀል ቅርጽ፣ ወይም ለመስቀል በዓል የሚለበስ ልብስ ጥልፍ። ከሁለቱ አንዱም የተፈለገው አይደለም። በዚህ ሙያ መስቀል የሚሆነው የመርፌው አካሄድ እንጂ ሥዕሉ አይደለም፤ በዚሁ ስፌት አህያም፣ የቡና ስኒም፣ የስድብ ቃልም ሊጠለፍበት ይችላል። ስለዚህ «መስቀለኛ ጥልፍ» የሚለውን እንመርጣለን። መስቀለኛ መንገድና መስቀለኛ ጥያቄ የሚሉት ስያሜዎች እንደሚያስረዱት፣ «-ኛ» የሚለው ባዕድ ምዕላድ መስቀልን ከነገርነት አውጥቶ የሁኔታ መግለጫ ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ስያሜና ተከታዮቹን ነው። በተለይም ከልማድ የወጡ ንድፎችን ራሳቸው እያወጡ የሚጠልፉ ሰዎች የሚገለገሉባቸውን ቃላት እንመለከታለን። ምክንያቱም የተዘጋጀ ንድፍ የሚገለብጥ ሰው በተሳሳተ ቃል ቢመራ ዐይኑን አምኖ ሊያርመው ይችላል፤ ንድፉን ራሱ የሚያወጣ ግን የሚመራው በቃሉና በቁጥሩ ነው።

በእንግሊዝኛ አንዱ ስም ለሙያውም ለአንዷ ስፌትም ያገለግላል። በአማርኛ ሁለቱን መለየት እንችላለንና ዕድሉን ልንተወው አይገባም፤ ሙያው መስቀለኛ ጥልፍ፣ አንዷ ውሕድ መስቀለኛ ስፌት ትባል። ስፌቷ ሁለት ሰያፎች አሏት፤ የታችኛውና የላይኛው። በአንድ ሥራ ውስጥ የላይኛዎቹ ሰያፎች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ መጋደም አለባቸው፤ አለዚያ ብርሃን በክሩ ላይ በልዩ ልዩ ማዕዘን እየተንጸባረቀ አንዱ ቀለም ሁለት ይመስላል። መመሪያው ይህን ሲያዝ ተርጓሚው «ከላይ» የሚለውን ከጨርቁ ራስጌ ጋር እንዳያምታታው «ላይኛው ሰያፍ» የሚለው ቃል ይበጃል።

ጨርቁ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጠው አይዳ የሚባለው የጥጥ ጨርቅ ሲሆን፣ ድሩና ማጉ በጥቅል በጥቅል እየተሸመኑ እኩል ማዕዘናት ያሏቸው ጥቃቅን አደባባዮች ይሠራሉ፤ በየአደባባዩ አራት ማዕዘንም መርፌ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይቀራል። (የጨርቁ ስም ከቨርዲ ኦፔራ ጋር አንድ ነው። ኦፔራው በ1871 እ.ኤ.አ. በካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ባለታሪኳ ኢትዮጵያዊት ልዕልት ነበረች። አይዳ በአገራችን የሴት መጠሪያ ሆኖ የተለመደ ስለሆነ አጻጻፉ አያከራክርም።) ቀዳዳውን «ዓይን»፣ አደባባዩን ግን «ቤት» እንበለው። ቤት በገበጣም ሆነ በፊደል የተከፈለ ቦታን ለመሰየም ያገለገለ ቃል ነው። የጨርቁ ቅጥነት የሚለካው በአንድ ኢንች ርዝመት ስንት ቤት እንዳለው ተቆጥሮ ነው፤ እጅግ የተለመደው በኢንች 14 ቤት ያለው ሲሆን ይህ በሴንቲሜትር 5.5 ያህል ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ተርጓሚዎች ይሳሳታሉ። ቁጥሩ ሲያድግ ስፌቱ ያንሳል እንጂ አይተልቅም። ወርዱ 70 ቤት የሆነ ንድፍ በባለ 14 ጨርቅ ላይ 5 ኢንች ወይም 12.7 ሴንቲሜትር ሲይዝ፣ በባለ 18 ላይ ወደ 9.9 ሴንቲሜትር ይጠባል። «ባለ 18» የሚለውን «ትልቁ ቁጥር» ብሎ የተረጎመ ሰው ጠላፊዋን ለማይበቃ ክፈፍ ይዳርጋታል።

«ጠላፊ» ስንል ግን ማመንታታችን አልቀረም። ጠለፈ የሚለው ግሥ ልብስ ከማስጌጥ ሌላ ልጃገረድን አስገድዶ መውሰድን፣ እግርን ማሰናከልን፣ በዘመናችንም አውሮፕላንን ማገትንና የስልክ ንግግርን በስውር ማዳመጥን ያመለክታል። የሁሉም መነሻ በሚታጠፍ ነገር አንጠልጥሎ መሳብ መሆኑ ግልጽ ነው። ድርጊቱ ሲነገር «ትጠልፋለች» ማለት ችግር የለበትም፤ ዐውዱ ይፈታዋል። የሙያ መጠሪያ ሲሆን ግን «የዓመቱ ምርጥ ጠላፊ» የሚል አርእስት ፖሊስ የሚያስጠራ ይመስላል። ስለሆነም ለሙያው ስም «ጥልፍ ሠሪ» የሚለውን እናቀርባለን፤ ንድፉን የሚያወጣውም «ንድፍ አውጪ» ይባል። ንድፍ ለጨርቅ ባዕድ አይደለም፤ ጥጥ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ እንደሚሆን እናቶቻችን ያውቃሉና፣ ቃሉ ወደ ወረቀት ከመሄዱ በፊት ከፈትል ጋር ይኖር ነበር።

ንድፉ የሚቀመጥበት በካሬ የተከፋፈለ ወረቀት ምን ይባል? «ሰንጠረዥ» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሰንጠረዥ የቁጥርና የቃል መደርደሪያ ሆኖ ስለተያዘ በረድፍ የሚነበብ እንጂ እንደ ሥዕል የሚታይ አይመስልም። እኛ «ገበታ» የሚለውን እንመርጣለን። የፊደል ገበታ የተማረ ሁሉ በቤት የተከፋፈለ፣ በረድፍም በዐምድም የሚቆጠር ሰሌዳ ምን እንደሆነ ያውቃል። በገበታው ላይ እያንዳንዱ ቤት አንድ መስቀለኛ ስፌት ነው፤ በቤቱ ውስጥ ያለው ምልክት ደግሞ የክሩን ቀለም ይናገራል። ምልክቶቹ ከገበታው ግርጌ በ«መፍቻ» ይተረጎማሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይገባል። ንድፍ አውጪዎች ከክብና ከኮከብ በተጨማሪ የላቲን ፊደላትን በምልክትነት ይጠቀማሉ። በገበታው ውስጥ የተጻፈ የላቲን ፊደል ድምፅ የለውም፤ የአንድ ቀለም መልክ ብቻ ነው። መፍቻው ላይ ፊደሉን ወደ አማርኛ ለውጦ በገበታው ውስጥ እንዳለ የተወ ተርጓሚ ሥራውን በሙሉ የማይፈታ እንቆቅልሽ ያደርገዋል። የክር ቁጥርም እንዲሁ አይነካ፤ ዲ.ኤም.ሲ. በሚባለው የፈረንሳይ ድርጅት አቆጣጠር 310 ጥቁር ነው፣ በየትም አገር ጥቁር ነው። ክሩ ስድስት ዘለላ ያለው ሲሆን በባለ 14 ጨርቅ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ተለይተው ይሰፋባቸዋል፤ «ሁለት ክር» ብሎ መተርጎም ግን ሁለት ሙሉ ክር ስለሚመስል «ሁለት ዘለላ» ይባል።

የሙያው ታሪክ ረጅም ነው፤ እኛ ለስያሜው የሚረዳንን ብቻ እንጠቅሳለን። በእንግሊዝ አገር ቀን ከተጻፈባቸው የጥልፍ ናሙናዎች ሁሉ ቀዳሚው ጄን ቦስቶክ በ1598 እ.ኤ.አ. የጠለፈችው ሲሆን፣ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል። ፊደላት፣ አበቦችና እንስሳት በአንድ ጨርቅ ላይ ተለቅመውበታል። የዚህ ዓይነቱ ጨርቅ የእንግሊዝኛ ስም በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ምሳሌ፣ አርአያ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። «ናሙና» ቢባል ስሕተት የለውም፤ ሆኖም ናሙና የሚያስታውሰን ገበያንና ቤተ ሙከራን ነው። «አብነት» ግን ትርጉሙም ታሪኩም ይገጥማል፤ ፊደል የሚቆጠርበት ትምህርት ቤት የአብነት ትምህርት ቤት መባሉ፣ ፊደል የሚጠለፍበትን ጨርቅ «የአብነት ጨርቅ» ለማለት በር ይከፍታል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በበርሊን በካሬ ወረቀት ታትመው በእጅ ቀለም የተቀቡ ገበታዎች መሸጥ ጀመሩ፤ በ1886 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቴሬዝ ደ ዲልሞን ታላቁን የመርፌ ሥራ ኢንሳይክሎፒድያዋን አሳተመች። ገበታው እየተስፋፋ በሄደ መጠን የሚጠልፉት ሰዎች ንድፍ ማውጣትን እየተዉ ገልባጮች ሆኑ። ከልማድ የወጣ ንድፍ የሚባለው እንግዲህ ያንን የንድፍ ሥልጣን መልሶ የመውሰድ ሙከራ ነው።

ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ስመ ጥሩውን የሠራው የጦር ምርኮኛ ነው። ሻለቃ አሌክሲስ ካስዳግሊ የተባለው የእንግሊዝ መኮንን በ1941 እ.ኤ.አ. በቀርጤስ ተማርኮ በጀርመን እስር ቤት ሳለ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ስሙንና የታሰረበትን ስፍራ የሚገልጽ ጨርቅ ጠለፈ። በዙሪያው ያሉት ክፈፎች ነጥብና ሰረዝ ብቻ የተደረደሩባቸው ይመስላሉ። ነጥቦቹና ሰረዞቹ ግን የሞርስ ፊደል ነበሩ፤ አንደኛው ክፈፍ እግዚአብሔር ንጉሡን እንዲጠብቅ ይጸልያል፣ ሌላው ሂትለርን በጸያፍ ቃል ይሳደባል። ጠባቂዎቹ ሳይጠረጥሩ ጨርቁን ለትዕይንት ሰቀሉት። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ገበታውን ለሚገለብጥና ለሚተረጉም ሰው ግን አስፈላጊ ነገር አለበት። ክፈፍ ጌጥ ነው ብሎ የነጥቦቹን ርቀት ለውበት ያስተካከለ ሰው የሥራውን ወርቅ ሰርዞ ሰሙን ያስቀራል።

በ1984 እ.ኤ.አ. ሮዚካ ፓርከር ጥልፍ ሴቶችን ለጭምትነት ማሠልጠኛም፣ ለእንቢተኝነት መሣሪያም እንደሆነ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመች። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ ጁሊ ጃክሰን በአበባ ሐረግ መካከል የማይገባ ቃል የሚጠለፍባቸውን ንድፎች ማሠራጨት ጀመረች። ሁለቱም በርእሳቸው የተጠቀሙበት የእንግሊዝኛ ቅጽል በአማርኛ ብዙ ጊዜ «አፍራሽ» ተብሎ ይተረጎማል። አፍራሽ ግን የፖለቲካ ክስ ሆኖ ኖሯል፤ በአበባ መካከል የተጻፈ ቀልድም አይመጥነውም። «ኢ-ልማዳዊ» የሚለው የቅርብ ጊዜ አሠራር ትርጉሙን አያዛባም፣ ነገር ግን የወረቀት ሽታ አለው። «አፈንጋጭ» ሳይሻል አይቀርም። አፈነገጠ ከመስመር፣ ከወገን ተለይቶ ወጣ ማለት ነውና፣ የሚያፈነግጥ ሰው መጀመሪያ መስመሩን የሚያውቅ መሆኑን ይጠቁማል፤ ነቀፌታ ቢኖርበትም ሠሪዎቹ ራሳቸው ነቀፌታውን ወድደው የወሰዱት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ንድፍ ስንተረጉም የስድቡን ቃል ከመተርጎም ይልቅ አለመመጣጠኑን መተርጎም ይገባል። በእኛ ቤቶች ግድግዳ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጥልፍ ቢሰቀል ማንም አይደነቅም። በዚያው ሐረግ፣ በዚያው የተከበረ አጻጻፍ፣ «እንኳን ደህና መጡ፤ ቡና አልቋል» ቢባል ግን አፈንጋጩ ንድፍ በአማርኛ ተወለደ ማለት ነው።

ሌላው ምንጭ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በጃፓን የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» የሚባለው ጨዋታ ውስጥ አንደኛው ባዕድ ፍጡር በ11 ዐምድና በ8 ረድፍ ነጥቦች የተሠራ ነው። የኮምፒዩተሩ ነጥብ ወደ መስቀለኛ ስፌት ሲዛወር አንድ ለአንድ ስለሚገጥም ምንም የሚለወጥ ነገር የለውም። በባለ 14 ጨርቅ ላይ ፍጡሩ ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ጀማሪ ንድፍ አውጪዎች ከእርሱ ይጀምራሉ፤ እኛም ከዚህ በላይ አንዘገይበትም።

አማርኛን የሚመለከተው ትልቁ ጉዳይ ፊደል በገበታ ላይ የሚቀረጽበት መንገድ ነው። የላቲን ፊደል የሚያወጣ ሰው 26 ቅርጾችን በ7 ረድፍ ቢያወጣ ጨረሰ። የእኛ ገበታ 33 በ7 ሆኖ 231 ቅርጾች ሲኖሩት፣ ዲቃሎቹ ገና አልተቆጠሩም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስጨንቀው ግን ሰባቱን የሚለያዩት ምልክቶች ጥቃቅንና በልዩ ልዩ ቦታ የሚገኙ መሆናቸው ነው። በ የሚለውን በካሬ ወረቀት ላይ እናውጣው። ግዕዙ 5 ዐምድና 7 ረድፍ ቢሰጠው በር ይመስላል፤ ጣሪያና ሁለት እግር። ካዕቡ ቡ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ፣ ሣልሱ ቢ በቀኝ እግሩ ግርጌ ላይ ሁለት ሁለት ቤት ይቀጠልላቸዋል፤ ወርዳቸው 7 ይሆናል። ኃምሱ ቤ ቀለበት ይፈልጋል። በመስቀለኛ ስፌት ትንሿ ቀለበት 3 በ3 ናት፤ ስምንት ቤት ተሰፍቶ መካከለኛው አንድ ቤት ባዶ ይቀራል። የቀለበቷ ግራ ጎን ከእግሩ ጋር ስለሚጋራ የምትጨምረው 2 ዐምድ ብቻ ነው። ሳድሱ ብ ምልክቱን በግራ ይይዛል። ራብዑ ባ ግራ እግሩን፣ ሳብዑ ቦ ቀኝ እግሩን ያሳጥራሉ።

ረድፉን ወደ 5 እንቀንስ ብንል ምን ይሆናል? የቡ ምልክት በ3ኛው፣ የቢ በ5ኛው ረድፍ ይውላል፤ በመካከላቸው አንድ ረድፍ ብቻ ይቀራል። የቤ ቀለበት ከ3ኛው እስከ 5ኛው ይይዛል፣ ማለት የቡንም የቢንም ቦታ በአንድነት ይወስዳል። በወረቀት ላይ አሁንም ይለያያሉ፤ በጨርቅ ላይ ግን ክሩ ስለሚያብጥ የቀለበቷ ባዶ ቤት ይደፈናል፣ ከክንድ ርቀት ሲታይም ሦስቱ አንድ ጠብታ ይመስላሉ። ስለዚህ የገላው ከፍታ ከ7 ረድፍ በታች መውረድ የለበትም ብለን እናምናለን። በዚህ ላይ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ ለአማርኛ ድምፆች ሲባል ከግዕዙ ቅርጽ በላይ የተጨመረ መስመር አለባቸው፤ ለእነርሱና እንደ ሎ ቀለበታቸውን ከራስጌ ለሚሸከሙት ሁለት ረድፍ ካልተቆጠበ ጽሑፉ ከላይ የተቆረጠ ይሆናል። 9 ረድፍ ማለት ነው። «ቡና አልቋል» ለሚለው ጽሑፍ በፊደል 7 ዐምድ፣ በፊደላት መካከል 1፣ በቃላት መካከል 3 ብንመድብ 49 ዐምድ፣ በባለ 14 ጨርቅም 3.5 ኢንች ወይም 9 ሴንቲሜትር ያህል ይወጣል።

ክብ ፊደላት የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ዐ ክብ ነው፤ ፀ በወገቡ መስመር ያለበት ክብ ነው። በ3 በ3 ቀለበት ላይ መስመሩን ብንጨምር ባዶዋ ቤት ትሞላና ፀ ድፍን ካሬ ይሆናል። ስለዚህ ክቡ ቢያንስ 5 ረድፍ ይፈልጋል። ንድፍ አውጪዎች ከዚህ ለማምለጥ ፀን በጸ፣ ዐን በአ ሲተኩ አይተናል። ስለ ሞክሼ ፊደላት የተደረገው ክርክር መርፌንም ይነካል ማለት ነው። በበኩላችን ለሥራ ቅለት ሲባል የሚደረግ መተካካትን በግል ሥራ ላይ አንቃወምም፤ የሰው ስም ሲሆን ግን ባለስሙ እንደጻፈው ይጠለፍ።

የመጨረሻው ጉዳይ መገልበጥ ነው። ቀደም ሲል እንዳልነው ባ ግራውን፣ ቦ ቀኙን ያሳጥራል፤ ስለዚህ አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ነው። ሳና ሶም እንዲሁ። የላቲን ፊደል በሚጽፉ ዘንድ ይህ ችግር በጥቂት ትናንሽ ፊደላት ላይ ይታወቃል፤ በእኛ ፊደል ግን ሁለት እግር ባላቸው ብዙ ፊደላት ላይ በራብዕና በሳብዕ መካከል ያደባል። ምጣጥነት የሚወድ ንድፍ አውጪ የገበታውን ግማሽ አውጥቶ ሌላውን ግማሽ በኮምፒዩተር ቢያንጸባርቅ፣ ወይም በካውያ የሚታተም ንድፍ ሳይገለብጥ ጨርቅ ላይ ቢያሳርፍ፣ አበባው አበባ ሆኖ ሲቀር «ሳባ» የሚለው ስም «ቦሶ» ሆኖ ይወጣል። ፊደሎቹ ትክክለኛ ፊደላት ስለሆኑ ዐይን ስሕተቱን አይይዘውም፤ የተገለበጠ የላቲን ጽሑፍ ወዲያው እንግዳ ይሆናል፣ የእኛ ግን ይነበባል። ስለዚህ መመሪያዎች «ገልብጥ» በሚል አንድ ቃል የሚጠሩትን ሁለት ድርጊት መለየት ያስፈልጋል። ከገበታ ወደ ጨርቅ እንዳለ ማዛወር «መቅዳት» ይባል፤ ግራውን ቀኝ ማድረግ ደግሞ «ማንጸባረቅ»። ፊደል ያለበት ገበታ ሲሆን ከመፍቻው በላይ «አይንጸባረቅ» የሚል ቃል በጉልህ ይጻፍበት።